ኮምቦልቻ የሚያርፈው አውሮፕላን እግሩ የማን ነው?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የወረደ ሰው ሐረጎን ያውቀዋል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጆሮ ይደፈናል፣ የደሴ ብርድ ቀስ እያለ ይለቃል፣ ረዳቱም ሒሳብ መሰብሰብ ይጀምራል። ሰማዩ ጥርት ያለ ጠዋት ከሆነ ከታች የቦርከና ሜዳ ተዘርግቶ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ለማረፍ ሲዞር ይታያል። አፋችን ለምዶ «የደሴ ኤርፖርት» እንላለን እንጂ ሜዳው ያለው ኮምቦልቻ ነው። ከጦሳ ሥር የተወሸቀች ከተማ አውሮፕላን የሚንደረደርበት ለጥ ያለ መሬት ከየት ታመጣለች?

ያ አውሮፕላን ኪው 400 ይባላል፤ የተገጣጠመው ካናዳ ነው። «የማን ሥራ ነው?» ብሎ ለጠየቀ ግን መልሱ አንድ ስም አይደለም። ስድስት ስለት ያለው ፕሮፔለሩ የእንግሊዙ የዳውቲ ነው። ሞተሮቹን የሠራው ፕራት ኤንድ ዊትኒ ካናዳ ነው። መሬት ሲነካ ጠቅላላ ክብደቱን የሚሸከመው እግር ደግሞ ጉድሪች ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የወጣ ነው። ጉድሪች እ.ኤ.አ. በ2012 ተሸጠ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ሮክዌል ኮሊንስ ከሚባል ሌላ ትልቅ አቅራቢ ጋር ተቀላቅሎ ኮሊንስ ኤሮስፔስ የተባለው ድርጅት አካል ሆነ። በ2020 ኮሊንስና ፕራት ኤንድ ዊትኒ ከሚሳይል ሠሪው ሬይተን ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። የቤቱ ስም ዛሬ አርቲኤክስ ነው። እንግዲህ ኮምቦልቻ የሚያርፈው አውሮፕላን ሞተሩም እግሩም የአንድ ቤት ዕቃ ነው ማለት ነው፤ ስሙ ግን በአውሮፕላኑ ገላ ላይ የትም አይነበብም።

እነዚህ የማይታዩ ቤቶች በየዓመቱ ሁለት ዓይነት ወረቀት ያወጣሉ። አንዱ ስለ ገንዘብ ነው፣ ሌላው ስለ ማኅበራዊ ኃላፊነት። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ እመርጣለሁ፤ አንደኛው የሸፈነውን ሁለተኛው የሚገልጥበት ጊዜ አለና።

ከገንዘቡ እንነሣ። አርቲኤክስ በ2024 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ሽያጭ 80.7 ቢሊዮን ዶላር ነው። የተፈረመበትና ገና ያልተሠራው ትዕዛዝ 218 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል፤ ከዚህ ውስጥ 125 ቢሊዮኑ የሲቪል አቪዬሽን፣ 93 ቢሊዮኑ የመከላከያ ነው። ከቤቱ ክፍሎች አንዱ የሆነው ኮሊንስ ብቻውን ከ28 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጧል። ይህን ከምናውቀው ነገር ጋር እናስተያየው። የአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ፣ የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ በ2016 ዓ.ም. በጀት ዓመት ከ17 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ አጓጉዞ ያገኘው 7.02 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2017 ወደ 7.6 ቢሊዮን ከፍ ብሏል። ያ ሁሉ በረራ፣ ያ ሁሉ ጭነት፣ ያ ሁሉ ሌሊት የማይተኛ የቦሌ ሠራተኛ ተደምሮ የአንድ ዕቃ አቅራቢ የአንድ ክፍል ሩብ ያህል ነው። በአቪዬሽን ገንዘቡ የት እንዳለ ለማወቅ የሚበር ሳይሆን የሚያቀርብ ቤት ሒሳብ ማየት የተሻለ ነው።

የ80.7 ቢሊዮኑ ዕድገት ግን እንዳለ አይወሰድም። ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት ሽያጭ 68.9 ቢሊዮን ነበር፤ ዝቅ ያለውም ገበያ ጠፍቶ አልነበረም። የፕራት ኤንድ ዊትኒ አንድ የሞተር ዓይነት ውስጥ ያሉ ዲስኮች የሚሠሩት ከብረት ዱቄት ነው፤ ዱቄቱ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ታምቆ ጠጣር ይሆናል። በ2015 መጨረሻና በ2021 እ.ኤ.አ. መካከል በተመረተው ዱቄት ውስጥ በዓይን የማይታይ ባዕድ ነገር ገብቶ ተገኘ። ዱቄት ውስጥ የገባ አሸዋ እንጀራው ላይ ጥርስ ሲያገኘው እንደሚታወቅ ሁሉ ይህም የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ሞተሮቹ ከጊዜያቸው በፊት እየወረዱ እንዲፈተሹ ታዘዘ፤ በዓለም ዙሪያ በመቶ የሚቆጠሩ የኤርባስ አውሮፕላኖች ሞተር እየጠበቁ ቆሙ፤ ኩባንያውም በ2023 ከሽያጩ ላይ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመቀነስ ተገደደ። እንግዲህ የ2024 ዕድገት ከፊሉ ከዚህ ጉድጓድ መውጣት ነው። ከጉድጓድ የወጣን ሰው «ቁመቱ ጨመረ» አንልም።

ሌላም ነገር አለ። ቦይንግና ኤርባስ አዳዲስ አውሮፕላን በጊዜው ማድረስ ስላቃታቸው አየር መንገዶች አሮጌውን እየጠገኑ ያበራሉ። አሮጌ አውሮፕላን ደግሞ መለዋወጫ ይበላል። ስለዚህ የአቅርቦት ሰንሰለቱ መንገጫገጭ ሰንሰለቱ ውስጥ ያለውን አቅራቢ ራሱን ይጠቅመዋል። ኮምቦልቻ መኪና ያለው ሰው ይህን ለመረዳት ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልገውም፤ አዲስ መኪና በጠፋ ቁጥር የመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት ፎቅ ሲጨምር አይቷል። የእኛም አየር መንገድ በሞተር እጥረት አውሮፕላን እንደቆመበት በይፋ ተናግሯል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወረቀት። አርቲኤክስ በ2021 «ኮኔክት አፕ» በሚል ስም በ10 ዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር ለማኅበረሰብ ሥራ እንደሚያውል አስታወቀ። ለትምህርት፣ ለጦር ተመላሾች፣ ለተቸገሩ ቤተሰቦች። መልካም ነው፤ ማንም አይጠላውም። በጥቅምት 2024 ግን ይኸው ኩባንያ ለአሜሪካ መንግሥት ከ950 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ምክንያቱ የሬይተን ክፍል ለመከላከያ ዕቃዎች ዋጋ አጋኖ ማስከፈሉና ለአንድ የኳታር ባለሥልጣን ጉቦ መስጠቱ ነው። ልገሳው በዓመት ሲካፈል 50 ሚሊዮን ይሆናል፤ ቅጣቱ በአንድ ስምምነት የ19 ዓመት ልገሳ ወሰደ። የኃላፊነት ሪፖርት ሲነበብ የልገሳው ገጽ ብዙውን ጊዜ በሚያማምሩ የሕፃናት ፎቶግራፎች የታጀበ ነው። የቅጣቱ ገጽ ፎቶግራፍ የለውም።

እኔ ግን ከልገሳውም ከቅጣቱም በላይ የአቅራቢን ኃላፊነት የምፈልገው ዕቃው ላይ ነው። ለዚህ ምክንያት የሚሆነኝ ቀን ለማንም ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ። በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነሣ። አውሮፕላኑ የቦይንግ ማክስ ነው፤ ከተረከብነው ገና አራት ወር ነበር። ከአፍንጫው ግራና ቀኝ እንደ ትንሽ የዓሣ ክንፍ ብቅ ያለ አንዳንድ ቁራጭ ብረት አለ፤ አውሮፕላኑ ነፋሱን በምን ያህል ዘንበል ብሎ እየገጠመው እንደሆነ የሚለካ ነው። ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ የቀኙ 15.3 ዲግሪ ሲያነብ የግራው 74.5 ዲግሪ አለ። 74.5 ዲግሪ ማለት የመንገደኛ አውሮፕላን ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ቆሟል እንደማለት ነው፤ የማይሆን ነገር። ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ግን የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነበር፤ ያዳመጠውም የግራውን። አፍንጫውን ወደ ታች ገፋ፤ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ ወደ ላይ ሳቡ፤ እንደገና ገፋ። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አጠገብ በጊምቢቹ ወረዳ 157 ሰው አለቀ።

ሥርዓቱ አንድ መለኪያ ብቻ እንዲያዳምጥ የወሰነው ቦይንግ ነው፤ ይህ አያከራክርም። ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ስንከተለው ግን ሌሎች ስሞች ይመጣሉ። የመለኪያው ብረት የተሠራው ሮዝማውንት በሚባል፣ በኮሊንስ ቤት ሥር ባለ ድርጅት ነው። የኤምካስን ሶፍትዌር ቦይንግ በሰጠው ዝርዝር መሠረት የጻፈው ራሱ ኮሊንስ ነው። ሁለቱ መለኪያዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ ለፓይለቱ መናገር የነበረበት ማስጠንቀቂያ ደግሞ በአብዛኞቹ ማክስ አውሮፕላኖች ላይ አይሠራም ነበር። ከአቅራቢው የመጣው ሶፍትዌር ማስጠንቀቂያውን ለብቻው በገንዘብ ከሚገዛ ሌላ ማሳያ ጋር አስሮት ነበርና። ቦይንግ ይህን ያወቀው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ ማስተካከያውን የቀጠረው ለ2020። በመካከሉ ሁለት አውሮፕላኖች ወደቁ። ከእኛው ከአራት ወር በላይ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ 189 ሰው የጨረሰው የላየን ኤር አውሮፕላን መለኪያ ደግሞ ፍሎሪዳ ባለ ኤክስትራ ኤሮስፔስ በተባለ አነስተኛ የጥገና ድርጅት በኩል ያለፈ ሲሆን 21 ዲግሪ ያህል ተዛንፎ ነበር። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን የድርጅቱን ፈቃድ በጥቅምት 2019 ነጠቀው።

የእኛ መለኪያ ለምን እንደተበላሸ እስከ ዛሬ ሁለት ንባብ አለ። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የአደጋ ምርመራ ቢሮ የመጨረሻ ሪፖርት ከምርት ጥራት ጋር የተያያዘ የኤሌክትሪክ ችግር አለ ይላል። የአሜሪካው መርማሪ አካል ወፍ ወይም ሌላ ባዕድ ነገር መትቶት ነው ብሎ ተቃወመ። ልዩነቱ ለቴክኒክ ሰው ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ። ወፍ ከሆነ አቅራቢው ነጻ ነው፤ ሽቦ ከሆነ ደግሞ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ቀን አንድ እጅ የሠራው ሥራ አለ።

የቦይንግ ሒሳብ ምን ሆነ? በጥር 2021 እ.ኤ.አ. የቀረበበት የወንጀል ክስ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተያዘ። ከዚህ ውስጥ 1.77 ቢሊዮኑ ለአየር መንገዶች፣ 500 ሚሊዮኑ ለሟች ቤተሰቦች፣ 243.6 ሚሊዮኑ የወንጀል መቀጮ። ብዙ ከተንከባለለ በኋላ በኅዳር 2025 ዳኛው ክሱን ዘጉት። የሟች ቤተሰቦች ፍርድ ቤት ድረስ እየተመላለሱ ሲቃወሙ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም የመጀመሪያው አደጋ በደረሰበት ዓመት፣ የኩባንያው ገቢ ከ101 ቢሊዮን ዶላር አልፎ ነበር። በታሪኩ ያማረ የሚባለው ዓመታዊ ሪፖርት የዚያ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ቦይንግ ትርፍ ማየት ተስኖት እስከ 2024 ድረስ ኪሳራ ሲቆጥር ኖረ።

የደሴ ሰው ስለ አውሮፕላን ሠሪ ኃላፊነት ሲያስብ ሌላም ትዝታ አለው። ከተማችን አውሮፕላንን በደንብ ያወቀችው በትኬት አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች መጥተው ደሴን ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዘመቻው ጋር እዚሁ ነበሩ፤ ከመትረየሱ ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ዞሯል። ቀይ መስቀል በላዩ ላይ የተዘረጋበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም አልተረፈም። በዚያ ዘመቻ በብዛት ያገለገሉት ቦምብ ጣዮች ከካፕሮኒ ፋብሪካ የወጡ ነበሩ። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ ጀርመናዊው የንጉሡ ፓይለት ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር «ፀሐይ» የተባለችውን ትንሽ አውሮፕላን ይሠሩ ነበር። ወራሪው ወሰዳት፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች። ካፕሮኒ የዚያን ዓመት ሒሳቡን ምን ብሎ ጻፈ ይሆን? ሽያጭ ይሆናል እንጂ ሌላ ምን ይላል። የአርቲኤክስ 218 ቢሊዮን ዶላር ትዕዛዝ ከሁለት ተከፍሎ ሲቀርብ ይህ ነገር ይመጣብኛል። አንዱ ቤት የመንገደኛ አውሮፕላን እግርም የሚሳይል አካልም ያቀርባል፤ ለባለአክሲዮን ሁለቱም አንድ ረድፍ ላይ ይደመራሉ።

ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ ሆኖ የማይቀርበት ምክንያት አለ። እኛም አቅራቢ ልንሆን ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦይንግና ከኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ጋር ቂሊንጦ ላይ የአውሮፕላን ክፍሎችን ለማምረት የመግባቢያ ሰነድ ፈርሟል። መጀመሪያ የተጠቀሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ከአውሮፕላኑ ግድግዳ ጀርባ የሚገባ፣ ሙቀትና ድምፅ የሚከላከል እንደ ብርድ ልብስ ያለ መሸፈኛ ነው። ሌላው የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅል ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሽቦዎች በሰሌዳ ላይ በልክ ተዘርግተው፣ ተቆጥረው፣ ምልክት ተለጥፎባቸው የሚታሰሩበት።

በጣም ትክክለኛ ምርጫ ይመስለኛል። ሁለቱም በብዛት የእጅ ሥራ ናቸው፤ መቁረጥ፣ መስፋት፣ ማሰር፣ መቁጠር። ያን ሥራ ደግሞ ኮምቦልቻ ታውቀዋለች፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ከደርግ ዘመን ጀምሮ አለ። ነገር ግን ቀላል ሥራ አይደለም። መስከረም 1998 እ.ኤ.አ. ስዊስኤር 111 በካናዳ ባሕር ላይ ሲወድቅ 229 ሰው ሞተ። መርማሪዎች ለዓመታት ከባሕር ያወጡትን ስብርባሪ ሲገጣጥሙ ያገኙት እነዚሁኑ ሁለት ነገሮች ነው። አንድ ሽቦ ብልጭታ ፈጠረ፤ ብልጭታው ከጣሪያው በላይ ያለውን ብርድ ልብስ መሸፈኛ አቀጣጠለ። ያ የመሸፈኛ ዓይነት በጊዜው የነበረውን የእሳት ፈተና ያለፈ ነበር። ፈተናው ራሱ ልል ስለነበር ከአደጋው በኋላ ተለወጠ፤ መሸፈኛውም ከአውሮፕላኖች እየተገፈፈ ወጣ። ስለዚህ ቂሊንጦ ሽቦና ብርድ ልብስ ይዞ ሲጀምር በእጁ የያዘው ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለበት።

የጋርመንት ሥራ የሠራ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። የተቆረጠው ጨርቅ በጥቅል ሲመጣ ትኬት አለው፤ የትኛዋ ሠራተኛ የቱን ስፌት እንደሰፋች በትኬቱ ይታያል። ጉድለት ያለው እጅጌ ተመልሶ ሲመጣ ማን ዘንድ እንደሚሄድ አያጠራጥርም። አቪዬሽንም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ትኬቱ አውሮፕላኑ እስከሚቃጠልበት ወይም እስከሚጣልበት ቀን፣ ሠላሳ ዓመትም ቢሆን፣ አይጣልም። ኮምቦልቻ ላይ መለዋወጫ ስንገዛ «ኦርጅናል ነው?» ብለን ጠይቀን የሻጩን ዓይን አይተን እንከፍላለን። እዚያ የሻጩ ዓይን አይበቃም፤ ወረቀት የሌለው ዕቃ፣ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ ቁርጥራጭ ብረት ነው።

የእኔ ጥርጣሬ ግን ከሠራተኛው ወገን አይደለም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ እዚህ የነበረ ሰው ያስታውሳል። የቻይናው ሲሲኢሲሲ የገነባው፣ በ75 ሄክታር ላይ፣ በ90 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች በጠዋት በቡድን በቡድን ወደ ሼዱ ሲሄዱ ከተማው ሌላ ፊት ነበረው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ያዘ፤ ኅዳር 27 መንግሥት ሁለቱን ከተሞች ማስመለሱን እስኪያስታውቅ ድረስ በረራም ምርትም ቆመ። ገና ከዚያ ሳናገግም፣ በታኅሣሥ 23 ቀን፣ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አወጣች። ከቀረጥ ነጻ የሚገባ ልብስ በአንድ ቀን ቀረጥ የሚከፈልበት ሆነ፤ ትዕዛዝ ወደ ሌላ አገር ዞረ።

ይህ የአቅራቢነት ሌላው ገጽ ነው። ትልቁ ገዥ ሥራውን አንዴ አንተ ጋ፣ አንዴ ጎረቤትህ ጋ ያደርገዋል። የገዥው ዓመታዊ ሪፖርት ላይ «የአቅርቦት ምንጫችንን አበዛን» ተብሎ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ ኮምቦልቻ ላይ ያ መስመር የቤት ኪራይ ነው። በስፌቱ ላይ ያለችው ልጅ በትኬት ተጠያቂ ነበረች። ትዕዛዙን ያዞረው ግን ትኬት የለውም።

ስለዚህ ቂሊንጦ ላይ ወይም አንድ ቀን ኮምቦልቻ ላይ ውል ሲፈረም እኔ መጀመሪያ የማየው የልገሳውን አንቀጽ አይደለም። ችግኝ መትከልና ደብተር ማደል ይመጣል፤ አያሳስበኝም። የማየው ሦስት ቦታ ነው። ጉድለት ያየች ሠራተኛ መሥመሩን ማቆም ትችላለች ወይ? ካቆመች ደመወዟ ይቆረጣል ወይ? ገዥው ዋሽንግተን ላይ በተወሰነ ፖለቲካ ምክንያት ትዕዛዙን ቢሰርዝ የስንት ወር ደመወዝ ይተዋል? ሦስተኛው ጥያቄ በየትኛውም የኃላፊነት ሪፖርት ላይ ተጠይቆ አይቼ አላውቅም። ኮምቦልቻ ላይ ያሉት የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ስለ ሽቦውም ስለ መሸፈኛውም መማር ይችላሉ፤ ይህን ጥያቄ ግን የሚያስተምራቸው ከዚያ ሼድ ወጥታ አሁን ኮምቦልቻ መናኸሪያ አጠገብ ቡና የምታፈላው ልጅ ናት።

ረፋድ ላይ ያው ኪው 400 መንገደኛውን ጭኖ ተመለሰ። ከመነሣቱ በፊት አንድ ቴክኒሻን አጎንብሶ እግሩን ሲያይ፣ ጎማውን በእጁ ሲነካ፣ ከዚያ ወረቀት ላይ ሲፈርም ታየ። ፊርማው የእሱ ነው። የእግሩ ባለቤት ኮሊንስ ግን የዚያን ቀን ቻርሎት፣ ሰሜን ካሮላይና ላይ ነበር።